የከተማው ባለቤት ማነው? ዘር፣ መደብና መሬት በዋሽንግተን የከንቲባ ምርጫ

የአንድ ከተማ ምርጫ በሚካሄድበት ጊዜ በይበልጥ የሚታየው የተወዳዳሪዎቹ ማንነት፣ ለሕዝቡ የሚገቡት ቃልና በመጨረሻ የሚያገኙት የድምፅ ብዛት ነው። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን አንድ መሠረታዊ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከተማው የማን ነው የሚለው ነው። መንገድ ሲጠረግ፣ ሕንፃ ሲቆም፣ ትምህርት ቤት ሲታደስ፣ የሚጠቀመው በሰፈሩ ተወልዶ ያደገው ሰው ነው ወይስ ገና ወደ ሰፈሩ የሚመጣው? የአሜሪካ ዋና ከተማ የዋሽንግተን ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 ከንቲባቸውን ለመምረጥ ሲወጡ በውስጡ የያዙት ጥያቄ ይህ ነበር። ሁለቱም ዋና ተወዳዳሪዎች ጥቁሮች፣ ሁለቱም የዲሞክራት ፓርቲ አባሎች ነበሩ። ሆኖም ሕዝቡ ድምፁን የሰጠው በአብዛኛው በቆዳ ቀለም ተከፋፍሎ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት የከተማውን ያለፈ ታሪክ መመልከት ግድ ይላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድምፅ የተነፈገ ከተማ

ዋሽንግተን የፌዴራሉ መንግሥት መቀመጫ በመሆኑ ከሌሎቹ የአሜሪካ ከተሞች በተለየ ሕግ ሲተዳደር ኖሯል። ጥቁር ወንዶች በከተማው የመምረጥ መብት ያገኙት በ1867 ነበር። ሰባት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ1874፣ ኮንግሬስ የተመረጠውን አስተዳደር አፍርሶ ሥልጣኑን በሹመት ለሚቀመጡ ሰዎች ሰጠ። ለርምጃው የቀረበው ምክንያት ከተማው በዕዳ መዘፈቁ ነበር። ይሁን እንጂ የአላባማው ሴናተር ጆን ታይለር ሞርጋን የጥቁሮችን ድምፅ ለማጥፋት ሲባል የሁሉም ድምፅ እንደጠፋ በ1890 በሴኔት ፊት ሳይሸሽጉ ተናግረዋል። ከተማው ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል አስተዳዳሪውን ሳይመርጥ ኖረ።

በነዚያ ዓመታት የመሬት ጉዳይ የሚወሰነውም ነዋሪው ሳይጠየቅ ነበር። በ1950ዎቹ የደቡብ ምዕራብ ሰፈር «ከተማ ማደስ» በተባለው ዕቅድ መሠረት ከሞላ ጐደል ተጠራርጐ ፈረሰ። በአካባቢው ሱቅ የነበራቸው ባለንብረቶች ያነሡት ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢደርስም በ1954 መንግሥት ረታ። ፍርድ ቤቱ አንድን ሰፈር ጤናማ ለማድረግ ብቻ ሳይሆን ለማሳመርም መሬት መውሰድ እንደሚቻል ወሰነ። 23,000 ያህል ሰዎች ከቤታቸው ተነሡ፤ አብዛኞቹም ድሆችና ጥቁሮች ነበሩ። በቦታው በተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ተመልሶ ለመግባት አቅም የነበረው ጥቂቱ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ለተነሣው ጥርጣሬ አንዱ ሥር የተተከለው እዚህ ላይ ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ በር ሲከፈት

ነጮች በብዛት ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂኒያ የዳርቻ ሰፈሮች በመሄዳቸው፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጥቁሮች ከከተማው ሕዝብ ከግማሽ በላይ ሆኑ። በ1970 የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ 71 ደርሰው ነበር። በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ በተነሣው ቁጣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በኤች ጎዳናዎች ብዙ ሱቅና ቤት ተቃጠለ፤ ቦታዎቹም ለረጅም ዘመን ሳይጠገኑ ቀሩ። ኮንግሬስ ከተማው ራሱን እንዲያስተዳድር የሚፈቅደውን ሕግ ያወጣው በ1973 ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት ዋልተር ዋሽንግተን በምርጫ ከንቲባ ሆኑ። ቢሆንም ኮንግሬስ የከተማውን ሕግና በጀት የመሻር ሥልጣኑን አልለቀቀም።

በ1978 የተመረጡት የመብት ታጋዩ ማሪዮን ባሪ የማዘጋጃ ቤቱን በር ለጥቁሮች በሰፊው ከፈቱ። የመንግሥት ሥራ፣ የሥራ ተቋራጭነት ውልና ለወጣቶች የክረምት ሥራ በርሳቸው ዘመን ብዙ ቤተሰቦችን ከድህነት ያወጣ መሰላል ሆነ። አስተማሪው፣ ጸሐፊው፣ ፖሊሱና የሂሳብ ሠራተኛው ቤት ገዝተው ልጆቻቸውን ኮሌጅ አስገቡ። ስለዚህ በዋሽንግተን የጥቁሩ መካከለኛ መደብ ዕድል ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የተሳሰረ ነው። በሌላ በኩል የባሪ አስተዳደር በዕዳና በብልሹ አሠራር ተከሰሰ፤ እርሳቸው ራሳቸውም በ1990 በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ታሠሩ። በ1994 ሕዝቡ መልሶ ቢመርጣቸውም ኮንግሬስ በ1995 ከተማውን በፋይናንስ ተቆጣጣሪ ቦርድ ሥር አደረገው። ለነጩ ነዋሪ ይህ ሥርዓት የማስያዝ ርምጃ ነበር። ብዙ ጥቁር ነዋሪዎች ግን የ1874 ታሪክ የተደገመ መሰላቸው።

የሰፈሮች መለወጥ

ባለገንዘብ ሰዎች ወደ ድሃ ሰፈር እየገቡ የቤት ዋጋና ኪራይ ሲንር፣ ነባሩም ነዋሪ ቀስ በቀስ ሲለቅ የሚታየውን ሁኔታ እንግሊዛዊቷ የኅብረተሰብ አጥኚ ሩት ግላስ በ1964 ስለ ለንደን ሲጽፉ «ጀንትሪፊኬሽን» ብለውታል። ሂደቱ በዋሽንግተን ጆርጅታውንን በመሰሉ ሰፈሮች ቀደም ብሎ የታየ ቢሆንም በፍጥነት የተስፋፋው ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ነው። በ1991 በዩ ጎዳና የምድር ባቡር ጣቢያ ተከፈተ። በ1998 የተመረጡት ከንቲባ አንቶኒ ዊልያምስ ባዶውን የከተማውን ካዝና ለመሙላት ግብር የሚከፍል ነዋሪ ያስፈልጋል ብለው በማመን፣ በ2003 በአሥር ዓመት ውስጥ 100,000 አዲስ ነዋሪዎች ለማምጣት ግብ አወጡ። በዚያው ዓመት በሾው ሰፈር ታላቁ የስብሰባ ማዕከል ተከፈተ፤ በ2008 ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ አዲስ የቤዝቦል ስታዲየም ሥራ ጀመረ።

በጥቁር ነዋሪዎች ዘንድ ከ1970ዎቹ ጀምሮ «ዕቅዱ» እየተባለ የሚነገር ወሬ ነበር። ነጮች ከተማውን መልሰው ለመያዝ በምስጢር ተስማምተዋል የሚል ነው። እንዲህ ያለ ምስጢራዊ ስምምነት ለመኖሩ ማስረጃ አልተገኘም፤ ደግሞም አያስፈልግም ነበር። ለዓመታት የተተወ ሰፈር መሬቱ ርካሽ ነው። የባቡር ጣቢያ ሲከፈትለትና ባንክ ማበደር ሲጀምር ዋጋው ይንራል። የቤቱ ባለቤት ከተከራዩ ይልቅ ከገዢው የሚያገኘው ትርፍ ይበልጣል። ከተማው በ1980 ባወጣው ሕግ ሕንፃው ሲሸጥ ተከራዮቹ ቅድሚያ የመግዛት መብት አላቸው፤ ነገር ግን ብድር ለማያገኝ ሰው መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ከማንም ጋር መዶለት ሳያስፈልገው ውጤቱ ወሬው እንዳለው ሆነ።

ለውጡ ጥቁሮቹን ሁሉ በእኩል አልነካም። ቤት የነበረው ሰው በጥሩ ዋጋ ሸጦ ወደ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ሊሄድ ይችላል፤ ጡረተኛው የቤት ባለቤት የንብረት ግብሩ ይከብደዋል፤ ተከራዩ ግን ከመልቀቅ በስተቀር የሚያተርፈው የለም። እንግዲህ ጉዳዩ የዘር ብቻ ሳይሆን የመደብም ነበር።

የ2010 ምርጫ

ኤድሪያን ፌንቲ በ2006 የተመረጡት በ35 ዓመታቸው ነው። በዲሞክራቶች ቅድመ ምርጫ 142ቱንም የምርጫ ጣቢያዎች አሸንፈው ነበር። ጥቁርም ነጭም፣ ሀብታምም ድሃም የመረጣቸው በየቤቱ ደጃፍ እየዞሩ ሕዝቡን ስላነጋገሩ ነው። ሥልጣን እንደያዙ ትምህርት ቤቶቹን በቀጥታ በከንቲባው ሥር አደረጉ፤ ሚሼል ሪንም የትምህርት ኃላፊ አድርገው ሾሙ። በ2008 ከ20 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በጥቅምት 2009 በበጀት ምክንያት 266 አስተማሪዎች፣ በሐምሌ 2010 ደግሞ በአብዛኛው በሥራ ምዘና ምክንያት 241 አስተማሪዎች ተሰናበቱ። በሌላ በኩል መናፈሻዎችና ቤተ መጻሕፍት ታደሱ፤ የነፍስ ግድያ ቁጥርም ከ1960ዎቹ ወዲህ ባልታየ ደረጃ ቀነሰ።

ከሥራው ፍሬ ይልቅ ብዙዎችን ያስቆጣው የአሠራሩ መንገድ ነበር። የተሰናበተችው አስተማሪ የአንድ ቤተሰብ አስተዳዳሪ፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አባል፣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ «መምህራችን» የሚሏት ሴት ልትሆን ትችላለች። በ2009 አንጋፋዋ የመብት ታጋይ ዶሮቲ ሃይትና ደራሲዋ ማያ አንጀሉ ከንቲባውን ለማነጋገር ጠይቀው ሳይሳካላቸው መቅረቱ በተሰማ ጊዜ፣ ሽማግሌ አክብሮ ላደገው ሕዝብ ነገሩ እንደ ንቀት ተቈጠረ። አዲሶቹ የብስክሌት መስመሮችና የውሻ መናፈሻዎች የሚያስከፍሉት ገንዘብ ጥቂት ቢሆንም፣ ለማን ታሰበ ለሚለው ጥያቄ እንደ ምልክት ሆነው ተወሰዱ።

ተቀናቃኛቸው የከተማው ምክር ቤት ሊቀ መንበር ቪንሰንት ግሬይ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ የመጡ፣ በከተማው ተወልደው ያደጉ ሰው ነበሩ። መፈክራቸው «አንድ ከተማ» የሚል ነበር። መስከረም 14 ቀን በተካሄደው ቅድመ ምርጫ ግሬይ ከመቶ 54፣ ፌንቲ ከመቶ 44 ያህል ድምፅ አገኙ። በዋሽንግተን የዲሞክራቶችን ቅድመ ምርጫ ያሸነፈ ከንቲባ ሆኖ ስለሚቀር ነገሩ በዚያው ተቈረጠ። ድምፁ በወረዳ በወረዳ ሲታይ ግን ያሸነፈው ክፍፍል ነው። አብዛኛው ነዋሪ ነጭና ባለጸጋ በሆነበት በ3ኛው ወረዳ ፌንቲ ከአምስት መራጮች የአራቱን ያህል ድምፅ ሲያገኙ፣ ከወንዙ ማዶ በሚገኙት በ7ኛውና በ8ኛው ወረዳዎች ግሬይ የዚያኑ ያህል አገኙ። ይልቁንም ትኩረት የሚሻው የጥቁር መካከለኛ መደብ የሚኖርበት 4ኛው ወረዳ ነው። ይህ ወረዳ ፌንቲ ለምክር ቤት የተመረጡበት የራሳቸው ወረዳ ሲሆን እርሱም ለግሬይ ድምፁን ሰጠ። ድሃው ተከራይና የቤት ባለቤት የሆነው የመንግሥት ሠራተኛ በጥቅም የማይገናኙ ቢሆኑም፣ በከተማቸው እንግዳ ሆነናል በሚለው ስሜት ተገናኙ።

ኢትዮጵያውያን በሁለቱ መካከል

በዚህ ታሪክ ውስጥ በከተማው የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ያላቸው ስፍራ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ በአዳምስ ሞርጋን በ18ኛው ጎዳና ምግብ ቤቶቻቸውን ከፈቱ። በዚያ ኪራይ ሲወደድ ብዙዎቹ ወደ 9ኛውና ወደ ዩ ጎዳና ተሻግረው ያረጁ ቤቶችን አድሰው ሰፈሩን ሕይወት ዘሩበት። በ2005 የ9ኛው ጎዳና ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ሐሳብ ሲቀርብ ግን ከጥቁር አሜሪካውያን ተቃውሞ ተነሣ። ዩ ጎዳና ለነርሱ በመድልዎው ዘመን የራሳቸውን ቲያትር፣ ባንክና ጋዜጣ ያቋቋሙበት የታሪክ ስፍራ ነበርና። ሐሳቡ በዚያ ጊዜ ሳይጸድቅ ቀረ። ስደተኛው እንደ አዲስ መጪ ተቈጥሮ ተወቀሰ፤ ጥቂት ቈይቶም እርሱ ራሱ በኪራይ ምክንያት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ መሄድ ያዘ። ፌንቲ በ2007 የታክሲ ዋጋ በቀጣና መሆኑ ቀርቶ በቈጣሪ እንዲሆን ሲወስኑ፣ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ባለታክሲዎች ሥራ አቁመው ተቃወሙ። ቈጣሪው በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። ለተሳፋሪው ግልጽ የሆነለት ዋጋ ለነጂው የቀነሰ ገቢ ነበር።

ከድሉ በኋላ

ግሬይ ሥልጣን በያዙበት ዓመት የጥቁሮች ቁጥር ከከተማው ሕዝብ ከግማሽ በታች ወረደ፤ የከተማው ሕዝብም በወር ከ1,000 በላይ ሰው ይጨምር ነበር። ከንቲባው ርካሽ ቤት ለማሠራት 100 ሚሊዮን ዶላር ቢመድቡም የገበያውን ሩጫ ሊቀድሙት አልቻሉም። በተጨማሪም በ2010 ዘመቻቸው ያልተመዘገበ ገንዘብ መዋሉ በፌዴራል ምርመራ ተገለጠ፤ ሌሎች ሰዎች ጥፋታቸውን ሲያምኑ ግሬይ ራሳቸው ሳይከሰሱ ምርመራው በ2015 ተዘጋ። ከዚያ በፊት በ2014 ቅድመ ምርጫ፣ በ4ኛው ወረዳ የፌንቲን ወንበር በተኩት በሙሪኤል ባውዘር ተሸነፉ። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ጥቁሮች ከመቶ 41 ያህል ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት የከንቲባ መለወጥ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ በድምፅ መገለጡም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ድምፅ የሚቈጠረው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን ኪራይ የሚከፈለው በየወሩ ነው። ከከተማው የወጣ ሰው ደግሞ የመምረጥ መብቱን ይዞ ይወጣል፤ በተከታዩ ምርጫ ድምፁ የሚሰጠው በሌላ አገረ ገዥ ሥር ነው። ስለዚህ የነዋሪው መፈናቀል ራሱ የመራጩን ሕዝብ ይለውጣል፤ የተፈናቀለውም የሚከራከርለት ወኪል እያነሰ ይሄዳል።

ፕላን ለሚነድፈው፣ ሕንፃ ለሚሠራውና ግብር ለሚተምነው ባለሙያ ጉዳዩ በቅርብ የሚነካው በዚህ ምክንያት ነው። የባቡር ጣቢያ የት ይሁን፣ የትኛው መሬት ለምን አገልግሎት ይዋል፣ በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ ለነባሩ ተከራይ ስንት ክፍል ይጠበቅ የሚሉት ውሳኔዎች ከምርጫው ቀን ብዙ ዓመት አስቀድመው በቢሮ ውስጥ ያልቃሉ። ነባሩ ነዋሪ በዚያ ሰዓት ካልተጠየቀ፣ በድምፅ መስጫው ቀን የሚሰጠው መልስ ቁጣውን ይገልጽለት እንደሆነ እንጂ ቤቱን አይመልስለትም።