የዱቡሻው ስፍራ

አሜሪካኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1776 ነጻነታቸውን ሲያውጁ፥ ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ አሉ፤ ባርነትን በአገሩ ሁሉ የሻሩት ግን በ1865 ነው። ይህን ሳስተምር ተማሪዎቼ ይሥቁ ነበር።

ወጣቶች ሆይ፥ ከመሣቃችሁ በፊት ወደ ጋሞ ደጋ ውጡ። የአገራችን መሠረት ዱቡሻ ነው እየተባልን አደግን፤ በዚህ የአደባባይ ሸንጎ ሰው ተራውን ጠብቆ ይናገራል፥ እስኪስማሙም ድረስ ይመከራል። መልካም ሥርዓት ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በዚያ ከባላገሩ ጋር እኩል ስፍራ አልነበራቸውም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የቡራዩ ግድያ ወሬ በደረሰ ጊዜ፥ የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል ተነሣ። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ፤ ሣሩን አልፎ መሄድ ነውር ነውና ተመለሰ። ለሌላ ብሔር ጎረቤት እንዲህ የተንበረከከ ሽማግሌ፥ ለገዛ መንደሩ ሸክላ ሠሪ በዱቡሻው ላይ ስፍራ መልቀቅ ስለ ምን ከበደው?