ወይን ጠጁ ዲስከስና “ፎርጅዱ” ፓፍ

ቅዳሜ ማታ ከድሮ ተማሪዎቼ አንዷ በኢንቦክስ ሁለት ፎቶ ላከችልኝ። አንዱ እህቷ ከዱባይ የምትልከው፣ ክብ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሴሬታይድ ዲስከስ ነው። ሌላው እሱ ሲያልቅ እዚህ ፋርማሲ የተገዛ ህንድ ሠራሽ ፓፍ። “ቲቸር፣ እማዬ ይሄ ፎርጅድ ነው ብላ አልወስድም አለች። እርስዎም አስም ስላለብዎት ነው የጠየቅኩዎት” ትላለች። እናቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእንጨት ጭስ እንጀራ ሲጋግሩ ሳንባቸው ተጎድቷል፤ ሐኪሞቹ ሲኦፒዲ ብለዋቸዋል።

እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ ፋርማሲስት አይደለሁም። ግን ነገርዬው ታሪክ አለው፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ፓፍ የመጣው ከአንዲት ልጅ ጥያቄ ነው። አሜሪካ ውስጥ የራይከር ላቦራቶሪስ ኃላፊ የነበረው የጆርጅ ሜሶን ልጅ አስም ነበረባት። መድኃኒቷ ለምን እንደ ፀጉር ስፕሬይ በቆርቆሮ እንደማይሞላ ጠየቀችው፤ በ1956 እ.ኤ.አ. ፓፍ ገበያ ላይ ዋለ። ቀጥሎ የአየር ቧንቧ የሚከፍተው ሳልቡታሞል በ1969፣ ቁጣውን የሚያበርደው ቤክሎሜታሶን በ1972 መጡ። ሁለቱን ዓይነት ሥራ በአንድ ዕቃ ያጣመረው ሴሬታይድ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2000 ነው፣ እዚያ ስሙ አድቬር ነው።

አሁን ዋናው ነገር። አሜሪካ ውስጥ የቅንጅቱ ፓተንት በ2010 አለቀ። ተመሳሳዩ ግን እስከ 2019 አልወጣም! ኪኒን ቢሆን ሆድ ገብቶ ይሟሟል፣ አለቀ። የሚሳብ ዱቄት ግን ሳንባ መድረሱ በዕቃው፣ በቅንጣቱ መጠንና በሰውየው ትንፋሽ ይወሰናል። ለዚህ ነው ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የትንፋሽ ምርመራ ጭምር የጠየቀው። የዕቃው ፓተንት ደግሞ ለብቻው እስከ 2016 ቀጥሏል (ይቺ እንኳ ብልጠት ናት)። ማይላን በ2017 ተመልሶበት፣ በጥር 2019 ዊክሴላ ተፈቀደለት። ዋጋው ከአድቬር 70 በመቶ ያነሰ ነበር። በዚያው ሰሞን የራሱ የግላክሶ ዕቃ የንግድ ስሙ ተነሥቶለት በርካሽ መሸጥ ጀመረ። ያው ዱቄት፣ ያው ዲስከስ! “ኦሪጅናል” የምንለው ነገር ስንት ብር እንደሆነ ያኔ ታየ።

በ2023 የወጣ ጥናት አድቬርና ዊክሴላ የሚወስዱ 10,012 ጥንድ የሲኦፒዲ ሕሙማንን አነጻጽሮ፣ በበሽታው መባባስም በሳንባ ምችም ልዩነት አላገኘም። ግን በ2021 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጤና ተቋም ሕሙማኑን ከሲምቢኮርት ፓፍ ወደ ዊክሴላ ዱቄት ሲያዛውር ውጤቱ ባሰ፤ ሆስፒታል የሚገባው በዛ። ሲምቢኮርት ሌላ መድኃኒት፣ ሌላ ዕቃ ነው።

ወደ እናታችን ልመለስ። ካርቶኑን አጉልተሽ ላኪልኝ አልኳት። ዲስከሱ ላይ 50/250፣ ፓፉ ላይ 25/125 ይላል። እናቷ ግማሽ ቁጥር አይተው ነው ለካ የደነገጡት! ዲስከሱ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ይሳባል። የዚህ ዓይነቱ ፓፍ ግን የተሠራው በአንድ ጊዜ ሁለቴ እንዲወሰድ ነው፣ ሂሳቡ እኩል ይመጣል። አሳሳቡም ይለያል። ዱቄቱን በኃይል፣ ቶሎ ነው የምንስበው። ፓፉን ግን ነቅንቀን፣ ቀስ ብለን በረጅሙ ስበን ትንፋሽ እንይዛለን። ሁለቱም ላይ አፍ መጉመጥመጥ አይረሳ።

ይቺን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። እኔ ራሴ ከዱቄት ወደ ፓፍ የተቀየርኩ ጊዜ ማንም አላሳየኝም፣ እኔም አልጠየቅኩ። እንደለመድኩት በኃይል እየሳብኩ መድኃኒቱ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። አንድ ወር ሙሉ ሰሌዳው ፊት እየሳልኩ ህንዶቹን ስረግም ከረምኩ።

ሁለቱንም ዕቃና የሐኪሙን ማዘዣ ይዘሽ እማማን ውሰጂያቸው፣ ፊታቸው አንድ ጊዜ ያስወስዷቸው፣ በራሳችሁ ግን አትቀያይሩ አልኳት። ዛሬ መለሰችልኝ። ሰኞ ሊሄዱ ተስማምተዋል፤ ባዶውን ወይን ጠጁን ግን ከቦርሳቸው አላወጡም አሉ።