ቀበቶው ሲዋሽ፣ ልብ ሲታማ

በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ካራቆሬ ወርጄ ነበር፡፡ ያን ጊዜ መንገዱ ሰላም ነው፤ በጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሳ ሰው ጣርማበርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ፣ ሸዋሮቢት ላይ ምሳውን በልቶ፣ በአጣዬ በኩል ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሳል፡፡ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ሐኪሜ የደም ግፊቴን ለክቶ፣ «በየቀኑ ይራመዱ፤ ልብዎ ግን በደቂቃ ከ130 በላይ እንዳይመታ» ብሎኝ ስለነበር፣ ደረት ላይ የሚታሰረውን የልብ ምት መለኪያ ቀበቶ ከነሰዓቱ ይዤ ነው የሄድኩት፡፡

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የናይለን ጃኬቴን ደርቤ ወደ ዳገቱ ብቅ አልኩ፡፡ አምስት ደቂቃ ሳልሄድ ሰዓቱ 214 አለኝ፡፡ ቆምኩ፡፡ 208፡፡ ቀጥሎ 221፡፡ ሐምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው በዝግታ እየተራመደ ልቡ 221 ጊዜ መታ የሚል ማስረጃ ችሎት ላይ ቢቀርብብኝ ወዲያው በተቃወምኩ ነበር፡፡ ልቡ የራስ ሲሆን ግን ሙግት የለም፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ኑዛዜዬ ማሰብ ጀመርኩ፡፡

ያረጋጉኝ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ አንድ በጡረታ የተገለሉ ድሬሰር ናቸው፡፡ የእኔን ሰዓት ዞር ብለው እንኳን ሳያዩ ሦስት ጣታቸውን አንጓዬ ላይ አሳርፈው ሙሉ ደቂቃ ቆጠሩ፡፡ «ዘጠና ስድስት፡፡ እሱም ደንግጠህ ነው ልጄ» አሉኝ፡፡ ከእሳቸው ጋር እየተጨዋወትን ሩብ ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ፣ ፀሐዩም ጠንከር ብሎ ላብ ላብ ሲለኝ፣ ማንም ሳይነካው ሰዓቱ ራሱን አርሞ 104 ማለት ያዘ፡፡ ለምን? መልሱ ላቡ ውስጥ ነው፡፡

ብዙዎቻችን ቀበቶው የልብን ድምፅ የሚያዳምጥ ይመስለናል፡፡ አይደለም፡፡ ልብ በመታ ቁጥር የሚፈጥረውን ኤሌክትሪክ ነው የሚለቅመው፤ ይህም ቆዳ ላይ ሲደርስ አንድ ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው፡፡ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት የጎማ ወይም የጨርቅ ንጣፎች (ኤሌክትሮዶች) ይቀበሉታል፤ መሃል ላይ ያለችው ማሰራጫ በሁለት ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ አስልታ ለሰዓቱ ትልካለች፡፡ ደረቅ ቆዳ ደግሞ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፡፡ በዚህ ሙያ በ1924 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን ታካሚዎቹን እጅና እግራቸውን ጨው ውሃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ያስነክራቸው የነበረው ለዚህ ነው፡፡ ፖላር የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ በ1982 እ.ኤ.አ. ገመድ አልባውን መለኪያ ለገበያ ሲያቀርብ ዕቃው ቀረ፤ የውሃው አስፈላጊነት ግን አልቀረም፡፡

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥገና ውሃ ነው፡፡ ከመታጠቅዎ በፊት ንጣፎቹን በቧንቧ ውሃ በደንብ ያርሷቸው፡፡ ውሃው ቶሎ እየደረቀ ካስቸገረዎ ለኢሲጂ ወይም ለአልትራሳውንድ የሚያገለግለው ጄል ይሻላል፡፡ ቫዝሊንና ሎሽን ግን በፍጹም! ገላን ታጥቦ ተቀባብቶ መውጣት የብዙዎቻችን ልማድ ስለሆነ ይህንን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ቅባት በቆዳውና በንጣፉ መካከል ገብቶ ኤሌክትሪኩን ይከለክላል፡፡ ቀበቶው ከጡት ሥር፣ ማሰራጫዋ የደረት አጥንት በሚያልቅበት መሃል ላይ ይቀመጣል፤ ሴቶች የጡት መያዣው ጠርዝ ንጣፎቹ ላይ እንዳይወጣ ልብ ይበሉ፡፡ ሲተነፍሱ የማያስጨንቅ፣ ሲሮጡ ግን የማይንሸራተት መሆን አለበት፡፡ ላስቲኩ ከላላ ጨርቁን ብቻ መለወጥ ይቻላል፡፡

የእኔ ሁለተኛው ጥፋተኛ ጃኬቱ ነበር፡፡ በጥር ደረቅ አየር ናይለንና ፖሊስተር ከሰውነት ጋር ሲፋተጉ፣ ነፋስም ሲያርገበግባቸው፣ ስታቲክ የሚባለውን ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ፤ ማታ ሹራብ ሲያወልቁ የሚንጣጣው እሱ ነው፡፡ ቀበቶው ይህንን ከልብ ምት ለይቶ ላያውቅ ይችላል፡፡ ሰውነት የሚይዝ የጥጥ ካናቴራ ከውስጥ መልበስ ነገሩን በእጅጉ ያቃልለዋል፡፡

ካራቆሬ ስለ መለኪያ ለማሰብ የተገባች ቦታ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም፡፡ በግንቦት 1953 ዓ.ም. የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርስ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል፡፡ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚተከለው እንደ ነገሩ አፈር ላይ ሳይሆን ከአለት ጋር በተያያዘ መሠረት ላይ ነው፡፡ እግሩ ያልጸና ከሆነ የሚመዘግበው የምድርን ሳይሆን የራሱን ንቅናቄ ነው፤ የደረት ቀበቶም እንደዚያው፡፡

ወደ ጥገናው ልመለስ፡፡ ሲገዙት ደህና የነበረ ቀበቶ ከወራት በኋላ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የላብ ጨው ጨርቁ ላይ ስለሚጋገር ነው፡፡ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት፤ አልፎ አልፎም ለስላሳ ሳሙና ይጠቀሙ፤ በረኪና አያስነኩት፣ አይተኩሱት፡፡ ማሰራጫዋን ከጨርቁ ነቅሎ ማስቀመጥ ይገባል፡፡ አለበለዚያ እርጥብ ጨርቅ ላይ እንደተቆለፈች ሰው የታጠቃት እየመሰላት ስትሠራ ታድርና ባትሪዋን ትጨርሳለች፡፡ ባትሪው ብዙውን ጊዜ ሲአር 2025 ወይም ሲአር 2032 የሚባለው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነው ባለ 3 ቮልት ነው፡፡ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ «አዲስ» ባትሪ ስለማይጠፋ፣ ከመግዛትዎ በፊት ቴስተር ባለው ሰው ማስለካት አይከፋም፡፡

የድሮዎቹ ማሰራጫዎች ኮድ ስላልነበራቸው የአጠገብን ሯጭ ልብ ለእርስዎ ሰዓት ያቀብሉ ነበር፤ በኤሌክትሪክ መስመር ሥር ሲያልፉም ይዘባርቃሉ፡፡ በብሉቱዝ የሚሠሩት ይህ ችግር የለባቸውም፡፡ አንጓ ላይ በብርሃን የሚለኩት ሰዓቶች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው፤ አንዳንዴ የልብን ትተው የእግርን እርምጃ ይቆጥራሉ፡፡

ስህተት መስሎ ስህተት ያልሆነ ቁጥርም አለ፡፡ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው አዲስ አበባ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሸዋሮቢት የወረደ ሰው ተመሳሳይ እርምጃ እየተራመደ ምቱ ሊቀንስ ይችላል፤ አየሩ ኦክስጅን ጠገብ ነው፡፡ እኩለ ቀን ላይ ከወጣ ግን ሙቀቱና የውሃ ጥማቱ ፍጥነቱን ሳይጨምር ምቱን በ10 እና ከዚያም በላይ ከፍ ያደርጉታል፡፡ «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚለው ቀመርም አማካይ ነው፤ ለአንድ ግለሰብ ከ10 ምት በላይ ወደላይም ወደታችም ሊስት ይችላል፡፡ ከቀመሩ ትንሽ በልጦ የታየ ቁጥር ቀበቶውን አያስወቅስም፡፡

ታዲያ ማን ይዳኝ? ጣት፡፡ ሕግ ስንማር አንድን ምስክር ከእሱ ጋር ባልተማከረ ሌላ ምስክር ማመሳከርን ለምደናል፡፡ ቆም ይበሉ፣ አመልካችና መሃል ጣትዎን ከአውራ ጣትዎ በታች አንጓዎ ላይ ያሳርፉ፣ ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዙ፡፡ ከሩጫ በኋላ ምት ቶሎ ስለሚወርድ ሳይዘገዩ ይቁጠሩ፡፡ ጣትዎ 100 ብሎ ሰዓቱ 200 ካለ፣ መሣሪያው አንዱን ምት ሁለት ጊዜ ቆጥሮት ይሆናል፤ ቀበቶውን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጉት፡፡

ጣትና ሰዓት ሲስማሙ ግን ነገሩ ሌላ ነው፡፡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቁጭ ባለበት ሰዓቱ ከ70 ወደ 150 እየዘለለ ያስቸግረው ነበር፡፡ እኔም ከካራቆሬ በተማርኩት እውቀት ተመክቼ ውሃና ጄል መከርኩት፡፡ ለሁለት ወር ያህል ሲያርስ፣ ሲያጥብ ከረመ፡፡ በመጨረሻ አንጓውን አስይዞኝ ስቆጥር ምቱ ወጥ አልነበረም፤ ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ አንድ ዘግይቶ፣ ከዚያ ደግሞ ተደራርቦ፡፡ በማግስቱ ኢሲጂ ሲነሳ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የምት መዛባት ተገኘበት፡፡ በአገራችን ይህ ሕመም በልጅነት ከሚጀምረው የሩማቲክ የልብ በሽታ ጋር ተያይዞ ጭምር ይታያል፤ ደም በልብ ውስጥ እንዲረጋ አድርጎ ስትሮክ ሊያስከትል ስለሚችል መዘግየት አይወድም፡፡ እንዲህ ያለ ወጣ ገባ ምት ሲያጋጥም ሙሉ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው፡፡ ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታከለበት ደግሞ ቀበቶውን አውልቆ በቀጥታ ወደ ሐኪም መሄድ ነው፡፡

ባልደረባዬ አሁን መድኃኒቱን እየወሰደ ነው፡፡ በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ባትሪውን ሦስት ጊዜ ቀይሮ ነበር፤ ሁለቱን የገዛሁለት እኔ ነኝ፡፡