የቤንዚን ተን፥ ከሰልና የአሶሳ መንገድ

አውቶሞቢል አየር የሚያበላሸው በጭስ ማውጫው ብቻ ነው የሚለው አሳብ ረጅም ዘመን ቆይቷል። ዳሩ ግን ኬሚስቱ አሪ ሃገን-ስሚት በሎስ አንጀለስ ላይ የሚያንዣብበው ጭጋግ፥ የቤንዚን ተንና ከሞተር የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን ሲዋሐዱ የሚፈጠር መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አስረዳ። እንግዲያስ የቆመ መኪና እንኳ ከሰልባትዮው አየር ያበላሻል ማለት ነው። ስለዚህ ካሊፎርኒያ ከ1970፥ መላው አሜሪካም ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ተኑ እንዲታገድ በደንብ አዘዙ፤ ለዚሁም የተመረጠው ከሰል ነው። እኛ ለቡና ማፍያ የምናውቀው ከሰል፥ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ እንዲበዙ ሆኖ ሲዘጋጅ ተኑን ይዞ ያቆያል፤ ሞተሩም ሲሠራ ስቦ ያቃጥለዋል።

ከሰሉ የሚይዘው ግን ተን እንጂ ፈሳሽ አይደለም። ከአሶሳ በመንዲና በነቀምት አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ነጂ፥ መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፥ መቅጃው በራሱ ካቆመ በኋላም እስከ አፉ ያስሞላል። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ትርፉ ግን ጥቂት ነው። ከመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያ ቀዝቅዞ የተቀዳ 60 ሊትር ቤንዚን፥ በአሶሳ ፀሐይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ከግማሽ ሊትር በላይ ይሰፋል፤ ለዚህ የተተወው ባዶ ቦታ ከሞላ ፈሳሹ ወደ ከሰሉ ይገባል። የራሰ ከሰል ተን አይይዝም፤ ቤንዚኑ ይሸታል፥ ሞተሩም አልነሣ ይላል፥ ያልተቃጠለ ነዳጅም በጭስ ማውጫው ይወጣል። በናፍጣ የሚሄዱት የጭነት መኪናዎች ይህ ዕቃ የላቸውምና ነገሩ አይነካቸውም፤ እስከ አፍ የማስሞላቱም ልማድ ከእነርሱ ነጂዎች የተወረሰ ይመስለኛል።