ቡና መቁላት፦ ከባዱ ማሞቁ ሳይሆን ማቆሙ ነው

ቡና ለመቁላት ምን ያስፈልጋል? ጥሬ ቡና፣ ምጣድ፣ እሳት። «ይሄማ ቀላል ነው» ካላችሁ ትንሽ ቆዩ። ማሞቅ ቀላል ነው፤ ከባዱ በትክክለኛው ሰዓት ማቆም ነው። ቤት ውስጥ በትንሽ የቡና መቁያ ማሽን ለመጀመር ካሰባችሁ ደግሞ የማሽኑ ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ምጣዱን እንየው። ምጣድ ላይ ያለ ፍሬ በብዛት የሚሞቀው ብረቱን በነካው ጎኑ ነው። ለዚህ ነው ቡና የሚቆላ ሰው እጁን የማያሳርፈው። ካልተገላበጠ አንዱ ጎን ያርራል፣ ሌላው ጥሬ ይቀራል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ይበቃል። ለአንድ ከተማስ?

መልሱ የሚሽከረከር ሲሊንደር ሆነ፦ ብረቱ ራሱ ይዞራል፣ ፍሬውም አብሮ ይገላበጣል። የቦስተኑ ጄምስ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1846 ፓተንት ያገኘበት መቁያ እንዲህ ዓይነት ነበር። ጣጣው የሚመጣው ቡናው ሲደርስ ነው። ሠራተኞች የጋለውን ሲሊንደር ከምድጃው ጎትተው ማውጣትና መዘርገፍ ነበረባቸው። እስከዚያ ፍሬው አይጠብቃቸውም! በውስጡ ባከማቸው ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላል።

ይህን ችግር የፈታው በለንደን ተወልዶ ኒው ዮርክ የኖረው ጄቤዝ በርንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 ፓተንት ያገኘበት ማሽን ሲሊንደሩን ከእሳቱ ላይ ማንሳት አያስፈልገውም። ውስጡ ያሉት ጠመዝማዛ ብረቶች በቆላው ጊዜ ሁሉ ፍሬውን ወዲያና ወዲህ ያመላልሱታል፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ ገፍተው ያወጡታል። ልብ በሉ፦ በርንስ የተሻለ እሳት አልፈጠረም። የፈጠረው የተሻለ መውጫ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። እ.ኤ.አ. በ1865 አርባክል ወንድማማቾች ፒትስበርግ ውስጥ የተቆላ ቡና በወረቀት ከረጢት አሽገው መሸጥ ጀመሩ። ቀስ በቀስ አሜሪካዊው ቤተሰብ ራሱ መቁላቱን ተወ። ምቾቱ መጣ፣ ሙያው ግን ከማጀት ወጥቶ ፋብሪካ ገባ። በእኛ አገር በብዙ ቤት እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ አለ።

አሁን ወደ እናንተ ማሽን እንምጣ። ምጣድ ላይ ቀለሙን ታያላችሁ፤ ሲሊንደር ውስጥ ግን እይታችሁ ይቀንሳል። ስለዚህ አፍንጫና ጆሮ ሥራውን ይረከባሉ። ጥሬ ቡና ከክብደቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። መጀመሪያ ይህ ውሃ ይተናል፣ ሽታውም የሣር ሽታ ይመስላል። ፍሬው ቢጫ ሲሆን የዳቦ ሽታ ይመጣል። ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ በውስጡ የታመቀው እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፍሬውን ይሰነጥቀዋል፤ ቡናው ይንጣጣል። ያ ድምፅ ሰዓታችሁ ነው። ቀለል ያለ አቆላል የፈለገ እዚሁ አካባቢ ያቆማል፤ ጠቆር ያለ የፈለገ ትንሽ ይቆያል።

ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው፦ መስኮት ክፈቱ። ማሽኑ ከሚችለው በላይ አትጨምሩ። የሚረግፈው ገለባ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ በየጊዜው አጽዱት፣ ማሽኑንም ትታችሁ አትሂዱ። የመንጣጣቱን ሰዓት ጻፉ። ቡናው ከመድረሱ በፊት ማቀዝቀዣው ዝግጁ ይሁን፤ ከሌላችሁ ሰፊ ወንፊትና ማራገቢያ ይበቃል። ሲቀዘቅዝ መዝኑት፦ 100 ግራም ጥሬ ቡና ወደ 85 ግራም ገደማ ቢወርድ አትደንግጡ፣ የሄደው በብዛት ውሃ ነው።

ማሽኑ ያገላብጥላችኋል፣ ያሞቅላችኋል። «በቃ» የሚለው ግን አሁንም የናንተ ጆሮ ነው። ጆሯችሁን ለማሠልጠን ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቀጣዩ ቡና ሲቆላ ምጣዱ አጠገብ ቁጭ በሉና አድምጡ።