የራዳር የማየት ርቀት እንዴት ይሰላል? አጭር የታሪክ ጥናት

ራዳር አይሮፕላንን ከምን ያህል ርቀት ሊያይ እንደሚችል መገመት ከመሣሪያው የቀደመ ጥያቄ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የእንግሊዝ የአየር ሚኒስቴር በራዲዮ ሞገድ የጠላትን አይሮፕላን መጉዳት ይቻል እንደ ሆነ ሮበርት ዋትሰን ዋትን ጠየቀ። ረዳቱ አርኖልድ ዊልኪንስ ነገሩን በሒሳብ መርምሮ እንደማይቻል ተረዳ፤ ነገር ግን ከአይሮፕላኑ ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ ሊታወቅ እንደሚችል አሰላ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 26 ቀን በዴቨንትሪ አጠገብ በተደረገው ሙከራ አይሮፕላኑ እስከ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ድረስ ታወቀ።

የስሌቱ መሠረት ይህ ነው፤ ሞገዱ ሲሄድም ሲመለስም እየተበተነ ይደክማል። ስለዚህ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ የሚላከውን ኃይል 16 እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ይህ ሕግ ብቻውን አልበቃም። በተቀባዩ ውስጥ ያለው ሁከት አንዳንድ ጊዜ የአይሮፕላን ምልክት ይመስላል፤ እውነተኛውንም ምልክት ይሸፍናል። ራንድ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት ማርከም በ1947፣ ቀጥሎም ፒተር ስወርሊንግ በ1954 የማየት ርቀት ከዕድል መጠን ጋር እንጂ ለብቻው ሊነገር እንደማይገባ አስረዱ። ስሌቱ እንዲህ እየረቀቀ ሲሄድ በእጅ መሥራቱ አድካሚ ሆነ። በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ላሞንት ብሌክ በ1962 የአሠራሩን ሥርዓት ጽፎ አወጣ፤ በ1970ም የራዳሩን ሽፋን ኮምፒዩተር እንዲስለው የሚያደርግ ፕሮግራም አቀረበ።

ኮምፒዩተር ግን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ለምሳሌ በኃይል ስሌት 200 ኪሎ ሜትር ያያል የተባለ ራዳር አንቴናው ከመሬት 10 ሜትር፣ አይሮፕላኑም 100 ሜትር ከፍ ቢል፣ የምድር ክብነት ስለሚጋርደው ከ54 ኪሎ ሜትር ያህል በላይ አያይም። አይሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ 13 ደቂቃ የማስጠንቀቂያ ጊዜ አለኝ ብሎ የተማመነ ከተማ የሚያገኘው ከ4 ደቂቃ ያነሰ ነው።

እንግዲህ ከዊልኪንስ ጀምሮ የተገኘው ትምህርት፣ ቁጥሩን ከመቀበል በፊት በምን ከፍታ፣ ለምን ዓይነት አይሮፕላን፣ በምን ያህል ዕድል ተብሎ እንደ ተሰላ መጠየቅ ነው። ይህ ሳይጠየቅ የሚታመን ቁጥር፣ ቁጥር ካለመኖሩ ይልቅ ያዘናጋል።