በድንጋይና በእግር መካከል፦ የባለ ሦስት ጎማ ሞተር ብስክሌት የጭስ ማውጫ ታሪክ

የተሽከርካሪ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሬኑ በሰፊው ይተነተናሉ። የጭስ ማውጫው ቧንቧና በተለምዶ ማርሚታ የሚባለው ድምፅ ማፈኛ ግን እምብዛም አይወሱም። ይሁን እንጂ አንድ ተሽከርካሪ ድንጋይና ጭቃ በበዛበት መንገድ ለመሄድ መቻሉ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ከሆዱ ሥር ዝቅ ብሎ በተንጠለጠለው በዚህ ቧንቧ ነው። ችግሩም ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በባለ ሦስት ጎማ ሞተር ብስክሌት ላይ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባለ ሁለት ጎማው የሚተወው ዱካ አንድ ስለሆነ፣ ነጂው ድንጋዩን ወደ ጎን ትቶ ያልፋል። ባለ ሦስት ጎማው ግን እንደ አሠራሩ ሁለት ወይም ሦስት ዱካ ስላለው፣ ከአንዱ ጎማ ያመለጠው ድንጋይ ወይ ከሌላው ጎማ ሥር ይገባል፣ ወይም በጎማዎቹ መካከል አልፎ ከሥር የተንጠለጠለውን ይመታል። የመጀመሪያው ዘመን ሠሪዎች በዚህ ብዙ አልተቸገሩም። ካርል ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1886 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያገኘበት ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ትልልቅ ጎማዎች ስለነበሩት ከመሬት በቂ ርቀት ነበረው። ችግሩ የመጣው ጎማው እያነሰ፣ ሞተሩና ጭነቱ ደግሞ እየከበደ ሲሄድ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት ሁለት የጀርመን ሞተር ብስክሌቶች ናቸው። ቢ ኤም ደብልዩ በ1938 እ.ኤ.አ. ያወጣው አር 71፣ 745 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘትና 22 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ከጎኑ ጋሪ ተቀጥሎለት ይሠራ ነበር። ማርሚታዎቹም እንደ መንገድ ሞተር ብስክሌት በግራና በቀኝ ዝቅ ብለው የተዘረጉ ነበሩ። ከ1941 ጀምሮ ለጦር ሠራዊት የተሠራው አር 75 ግን የጎን ጋሪው ጎማ ጭምር በሞተሩ ኃይል የሚዞር፣ የሚቆለፍ ዲፈረንሻልና የኋልዮሽ ማርሽ ያለው መሣሪያ ሆነ። ለአስቸጋሪ መሬት እንዲሆን ሲታሰብ፣ የሁለቱ ሲሊንደሮች ጭስ ወደ አንድ ማርሚታ ተሰብስቦ ማርሚታው ከፍ ብሎ ተሰቀለ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቧንቧው ከድንጋይ ሲርቅ ወደ ነጂው እግር ይቀርባል፤ በውስጡ የሚያልፈው ጋዝም ከሲሊንደሩ ሲወጣ በብዙ መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚለካ ሙቀት አለው። የአር 75 መሐንዲሶች ይህንን ሙቀት ለሩሲያ ክረምት መድኃኒት አደረጉት፤ ከማርሚታው ዙሪያ የሞቀው አየር በቱቦ እየተመራ የነጂውን እጅና እግር እንዲያሞቅ ሆነ። በአንጻሩ ሶቪየት ኅብረት በአር 71 አምሳያ ከ1941 ጀምሮ የሠራችው ኤም 72 ዝቅ ያለውን አሠራር ይዞ ቆየ። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ሙቀቱም ከሰው ይርቃል፤ ዋጋው ግን በድንጋይ መመታት ነው።

ቧንቧውን ማንሳት ብቻውን ሁልጊዜ ፍሬ እንደማይሰጥ ደግሞ ከ1932 እስከ 1973 በአሜሪካ የተሠራው የሃርሊ ዴቪድሰን ሰርቪ ካር ያስረዳል። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል የዲፈረንሻሉ ቤት አለ። ከመሬት ያለው ርቀት የሚለካው ከሁሉ ዝቅ ካለው ክፍል ስለሆነ፣ ቧንቧውን ከዲፈረንሻሉ በላይ ማውጣት ከሥር የሚገኘውን ክፍተት በአንድ ጣት እንኳ አይጨምርም።

ሆንዳ በ1970 ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበው ባለ 89 ሴንቲ ሜትር ኩብ ባለ ሦስት ጎማም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ለአሸዋና ለበረዶ ታስቦ ስለተሠራ ጎማዎቹ ሰፋፊና ለስላሳ፣ የጭስ ማውጫውም ወደ ላይ የተመለሰ ነበር። ነገር ግን የዚህ ዓይነት ተሽከርካሪ እየተገለበጠ ብዙ ሰው ስለጎዳ፣ በ1988 ፋብሪካዎቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በደረሱበት ስምምነት አዳዲስ ባለ ሦስት ጎማዎችን በዚያ አገር መሸጥ አቆሙ። ከመሬት መራቅ ከመገልበጥ አያድንም።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ባለሙያም ሩቅ አይደለም። በየከተማው ሰው የሚያመላልሰው ባጃጅ ኮረኮንች ላይ ሲውል፣ የተመታ ማርሚታን ቆርጦ ከፍ አድርጎ መበየድ ቀላል መፍትሔ መስሎ ይታያል። ሆኖም እያንዳንዱ ተጨማሪ እጥፋት የጭሱን መውጫ ስለሚያጠብ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። የላላ ብየዳ ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ በሸራ ወደ ተሸፈነው የመንገደኛ መቀመጫ ሊገባ ይችላል።

እንግዲህ ቧንቧ ከመቆረጡ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፦ ከመሬት ዝቅተኛው ክፍል በእርግጥ ይህ ቧንቧ ነውን? ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል? ጭሱስ የት ይወጣል? የሚለው ነው። ከድንጋዩ የዳነው ቧንቧ ጉዳቱን ወደ ነጂውና ወደ መንገደኛው ካዛወረው፣ ማሻሻያ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።